የጸጉር ቤቱ ጨረቃ

መስከረም 20

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለጩጬ፦

ሰላምታዬ ከመርከቡ ሆድ ተነሥቶ፣ ያንን ሁሉ የብረት ደረጃ ወጥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ እደጅህ ድረስ ይምጣልህ። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደኅና ነኝ። ወገቤን ብቻ ነው የሚያመኝ፤ እሱም የአንሶላ ብዛት ያመጣው ነው። “ባሕር ላይ ሆነሽ ምን ጎደለሽ” ትለኛለህ። ባሕሩን የሚያዩት ላይኞቹ ናቸው። የእኛ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ከውኃው በታች ነው፤ መስኮት የሚባል ነገር አያውቅም። ቀኑ መምሸቱን የማውቀው እርጥብ ፎጣ ሲበዛብኝ ነው።

ለምን አትደውይም አልከኝ። ስልክ የሚሠራው ወደብ ስንደርስ ነው፤ እዚያም ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ “ኧረ ጨርሺ” እያለ እያጉረመረመ ምን ይወራል? ደብዳቤ ይሻለኛል፤ ቢዘገይም አይቆራረጥም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዓሣ ገንዳዬ እንዴት ነው? ፓምፑ ይሠራል? ብርቱካኗ ዓሣ ትበላለች? ከሁሉም በላይ ሽማግሌው እንዴት ነው? ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሽማግሌ ያልነውን ያን የባሕር ኮራል ሲያመጣው ጥፍር የምታህል ቁራጭ ነበረች። ድንጋዩ ላይ በሙጫ ሲለጥፋት የእጅ ባትሪ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ዛሬ ትሪ አክሎልናል። ልጅ አልተሰጠንም፤ እናታችን ካለፈች በኋላ ያሳደግነው አንተንና እሱን ነው።

የገንዳውን መብራት አደራ። ምንም አትንካው፤ ሥራውን ራሱ ያውቃል። ጠዋት ቀስ ብሎ ይነጋል፣ ቀን ይነጣል፣ ሲመሽ ነጩ እየወረደ ሄዶ ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። ሰዓቱን ሁሉ የሞላው ባለቤቴ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጅ። ሰማያዊው ሲመጣ “ጨረቃችን ወጣች፣ ሥራ ተዘጋ” ብሎ ፒንሳውን ያስቀምጥ ነበር። አንተም የቤት ሥራህን የሠራኸው እዚያው መብራት ፊት ነው፤ መቼም አትረሳውም።

ልትከፍተው ላሰብከው ሱቅ መብራት የጠየቅከኝን አልዘነጋሁም። ደረጃ ሥር ያለ ክፍል ጨለማ መሆኑ ይገባኛል፤ ለእኔ ነው እንዴ ስለ ጨለማ የሚነገረው? ኮንትራቴ ግንቦት ላይ ያልቃል። ስመጣ እኔው ራሴ ይዤልህ እመጣለሁ። እስከዚያ ታገሥ፤ አንተ ታጋሽ ልጅ ነህ።

የገንዳውን ፎቶ አሳትመህ ላክልኝ። ትራሴ አጠገብ እለጥፈዋለሁ።

አዝላ ያሳደገችህ፣ እህትህ


ኅዳር 8

ለእናቴም ለእህቴም ለሆንሽው፣ ለእትዬ፦

እንዴት ሰንብተሻል? ወገብሽን ይማርልኝ። ዘገየህ ብለሽ እንዳትቆጪ፤ የዘገየሁት በደስታ ነው። ሱቁን ጥቅምት መግቢያ ላይ ከፈትኩት! አንድ ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ሁለት ቶንዶስ። በሩ ላይ “ጸጉር ቤት” ብቻ ብዬ አጻፍኩ፤ ሠዓሊው በፊደል ስለሚያስከፍል ነው።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ ጎረቤታችን ባለታክሲው ነበር። ያንን ጢሙን ታውቂው የለ? ሚስቱ “ወይ እኔ ወይ ጢሙ” ብላው መጣ። ግማሹን ካነሣሁለት በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ “ተወው፣ እሷ ትሂድ” አይል መሰለሽ! ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። በመጨረሻ ላጨሁት፤ አሥር ዓመት ቀነሰ። መስታወቱን ሲያይ “አንተ፣ ምን ዓይነት ሱቅ ነው የከፈትከው፣ ቀን አስመሰልከው እኮ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ይመጣል። እግዜር ይመስገን፣ በሰው ሱቅ ተቀጥሬ የሰው ምላጭ ስስል የኖርኩት ልጅ ዛሬ ወንበር አለኝ።

ገንዳሽ እንደተወሽው ነው። አታስቢ።

ፎቶውን ላነሣልሽ ስል ስልኬ ባልዲ ውስጥ ወደቀብኝ። ሌላ እስካገኝ ታገሺኝ፤ አንቺም ታጋሽ ነሽ።

ልጅሽም ወንድምሽም፣ ጩጬ


ታኅሣሥ 2

ለወንድሜ፣ ለባለ ወንበሩ፦

እሰይ! እሰይ የእኔ ልጅ! ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ሳነብ ማድረቂያው ጋ ያሉት ሴቶች ሁሉ እልል አሉልህ። የባለታክሲውን ነገር ለመርከቡ መካኒክ ነግሬው ለሦስት ቀን ሳቀ። የእኛው ከተማ ልጅ ነው፣ እንዳንተው ቀልድ ይወዳል።

ግን አንተ ልጅ፣ ስለ ባለታክሲው ጢም ግማሽ ገጽ ጽፈህ ስለ ገንዳዬ አንድ መስመር ብቻ? “እንደተወሽው ነው” ምን ማለት ነው? የተውኩት ቆሞ የሚጠብቅ ቁም ሣጥን አይደለም፤ ሕይወት ነው፣ ያድጋል። ሽማግሌው ጠርዙ ላይ ነጣ ያለች የእድገት መስመር አለችው፤ አለች ወይ? ቀለሙ ሐምራዊ ነው ወይ? ሲመሽ ሰማያዊው በሰዓቱ ይመጣል ወይ? እነዚህን ብቻ መልስልኝ።

ደግሞስ ሱቁን “ቀን ያስመሰልከው” በምንድን ነው? መብራት ከየት አገኘህ? የሰጠህ ሰው ካለ ንገረኝና እኔም ላመስግነው።

እህትህ


ጥር 15

ለእትዬ፦

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ይህን ደብዳቤ መጻፍ ከብዶኝ ነው የቆየሁት። እንዳትደነግጪ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

የገንዳው መብራት ጠፋ። ባለፈው ሳምንት ነው። ጠዋት ልመግባቸው ስገባ ጭጭ ብሏል። አበራሁት፣ አጠፋሁት፣ መታ መታ አደረግኩት፤ ወይ ፍንክች! የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ መሰለኝ። ጋሼ ቢኖር በአንድ ፒንሳ ይፈታው ነበር። እኔ ከሰው ጸጉር ሌላ ምን አውቃለሁ? የክፍሉን ረጅሙን ነጭ አምፖል አበራሁላቸው፤ ለጊዜው እሱ ነው ያለው።

ዓሣዋ ደኅና ናት፤ መስታወቱን እየጎበኘች ትዞራለች። ሽማግሌው ግን ቀለሙ ጠቆር ብሏል፤ ቡናማ ሆኗል። ሞተ ማለት ነው? ምን ላድርግ? ብቻ አደራሽን፣ ለዚህ ነገር ብለሽ እዚያ ሰው አገር እንዳትታመሚብኝ።

ሱቁ ደኅና ነው። ስለ ሱቁ መብራት የጠየቅሽኝ፣ አንድ ደንበኛ አሮጌ ነገር ሰጥቶኝ ነው። ምስጋናሽን አደርስልሻለሁ።

ጩጬሽ ነኝ፣ አዝኛለሁ


ጥር 28

ወንድሜ፦

ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰ፣ መልሱን ዛሬውኑ እጽፋለሁ። አትደንግጥ፤ እኔም ከድንጋጤዬ ወጥቻለሁ። መጀመሪያ ከሶኬቱ ነቅለህ፣ እጅህን አድርቀህ አውርደው። የገንዳው ትነት ጨው አለበት፤ መሰኪያው ላይ ነጭ ነገር ጋግሮ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ማራገቢያው ካልዞረ መብራቱ ሙቀት ሲበዛበት ራሱን ያጠፋል፤ በአንገት ብሩሽህ አቧራውን አራግፍለት። ለአንዴም ቢሆን ሙያህ ይጠቅመናል።

ካልሆነ ደግሞ አይሁን፤ አዲስ ገዝቻለሁ። መካኒኩ ለዕረፍት ወደ ቤቱ መሄዱ ነው፣ ይዞልህ ይመጣል። ብዙ ተለማምጬዋለሁና በደንብ ተቀበልልኝ።

አሁን ይህን እንደ ጸሎት አንብበው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ ዓይን የማያያቸው ወጥ ሠሪዎች አሉት፤ በብርሃን እያበሰሉ ያበሉታል። ጨለማ ሲሆን ያቺኑ ትንሽ ብርሃን ለመሻማት ይበዛሉ፤ ለዚህ ነው የሚጠቁረው። ጠቆረ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፣ እየታገለ ነው። አደገኛው የሚመጣው ብርሃን ሲመለስ ነው። ድንገት ኃይለኛ ብርሃን ከወረደበት ወጥ ቤቱ ይቃጠላል፣ ወጥ ሠሪዎቹን አውጥቶ ይጥላቸዋል፣ እሱም ነጭ አጥንት ሆኖ በረሃብ ይሞታል።

ስለዚህ አዲሱን መጀመሪያ ሩብ ላይ አድርገው፤ ቁልፉ ላይ ቁጥር አለው። በየሁለት ቀኑ ትንሽ ጨምርለት፤ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሙሉ ይሁን። መብራቱ እስኪደርስህ አንድ ወር ገደማ ጨለማ ይሆንበታል፤ ለእሱ ይህ ይበቃዋል። ጨለማው ከዚያ የቆየ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሦስት ወር ሙሉ በዝግታ ውጣ ነበር የምልህ። በሳምንት ውስጥ ቡናማ ሆነ ማለትህ ትንሽ ገርሞኛል፤ እኔ የማውቀው ብዙ ጊዜ ሲፈጅ ነው። ብቻ ከዓይኔ የአንተን ቃል አምናለሁ፤ አጠገቡ ያለኸው አንተ ነህ።

አሮጌውን መብራት እንዳትጥለው። ቢቃጠልም ይቀመጥልኝ። የእጁ ሥራ ነው።

እህትህ


የካቲት 28

ለእትዬ፦

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መካኒኩ ሱቅ ድረስ መጥቶ መብራቱን ሰጠኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው! ጸጉሩን አስተካክዬ፣ ጢሙን ላጭቼ፣ አንገቱን አሽቼ ነው የሸኘሁት፤ አምስት ሳንቲም አልተቀበልኩትም። ይህንንም ደብዳቤ እሱው ይዞልሽ ይመጣል።

መብራቱን የዛኑ ዕለት ሰቀልኩት። በጻፍሽልኝ መሠረት ሩብ ላይ ጀመርኩ፣ በየሁለት ቀኑ ጨመርኩ፣ አንድም ቀን አላዛነፍኩም። ደብዳቤሽን መስታወቱ ላይ ለጥፌ እያነበብኩ ነው ያደረግኩት። በዚህ እንኳ እንዳትጠረጥሪኝ።

እትዬ፣ ሽማግሌው ነጣ። መጀመሪያ ጫፍ ጫፉ፣ ከዚያ መሐሉ። አሁን አጥንት መስሎ ቆሟል። ብርቱካኗ ዓሣ እሱ ላይ ነበር የምትተኛው፤ አሁን አትጠጋውም። ምን አጠፋሁ? ያልሽኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ምናልባት የላክሽው መብራት ጥሩ ያልሆነ ይሆን? ዘንድሮ ገበያ ላይ አስመስሎ የተሠራው በዝቷል ይባላል።

ያ አሮጌው መብራት... ልነግርሽ ከብዶኝ ነው። ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ቆራሌዎች ሲያልፉ ሰጥቼዋለሁ። እንዳትቀየሚኝ፤ የተቃጠለ ብረት ምን ያደርግላታል ብዬ ነው። ከሄደ ነገር ጋር አንጣላ። አንቺ ብቻ በደኅና ግቢልኝ።

ጩጬ


መጋቢት 10

ደብዳቤህን መካኒኩ በአንድ እጁ እየሰጠኝ በሌላው አገጩን ይደባብስ ነበር። እንዴት አድርገህ እንደላጨኸው ሊያሳየኝ። “ወንድምሽ እኮ ተሰጥኦ አለው፣ ደግሞ ብልህ ነው” አለኝ። ደስ አለኝ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ ብታይ። “እስኪ ንገረኝ፣ ሱቁ ምን ይመስላል?” አልኩት። ፎጣ እያጠፍኩ ነበር።

“ትንሽ ናት፣ ግን መብራቷ! በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ጸጉር ቤት አላየሁም” አለኝ። “ደብዳቤውን ልቀበል አመሻሽ ላይ ስሄድ፣ ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጦ እያለ መብራቱ ቀስ እያለ ወረደና ሱቁ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። የሰውየው ራስ፣ ነጩ ጨርቅ፣ ሁላችንም ሰማያዊ። ወንድምሽ ቶንዶሱን አስቀመጠና ‘ጨረቃችን ወጣች፣ ሥራ ተዘጋ’ አለ። ሰው ሁሉ ይህችን ለመስማት ነው የሚያመሸው። ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ነው አሉኝ።”

መብራቱ ምን ይመስላል አልኩት። ረጅም፣ ጥቁር፣ ጫፉ በቀይ የኤሌክትሪክ ቴፕ የተጠቀለለ።

ያን ቴፕ የጠቀለለው ማን ነው? አንተ ጉልበቱ ሥር ቁጭ ብለህ ቴፑን በጥርስህ የቆረጥክለት ማን ነበር?

መካኒኩ ምን እንዳደረገኝ አላወቀም። “ምነው፣ አመመሽ?” አለኝ። ወገቤ ነው አልኩት። ጩጬ፣ እኔ እኮ በባዕድ ሰው ፊት አፈርኩልህ! አንተ ያልዘገነንህ ለእኔ ዘገነነኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይላሉ፤ እናትህ ግን እኔ ነበርኩ፣ ለማን ልበል?

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል። “ባለፈው ሳምንት ጠፋ” ብለህ ጻፍክልኝ። ሱቅህ የተከፈተው ጥቅምት ነው። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ እስከ የካቲት ድረስ ሽማግሌው በክፍል አምፖል ጨለማ ውስጥ ነበር። ቡናማ የሆነው ለዚህ ነው። ዓይኔ ያውቅ ነበር፤ አንተን አምኜ ዓይኔን አስዋሸሁት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይሄ ነው።

መብራቱ ጥሩ አልነበረም ይሆናል አልከኝ። መብራቱ ጥሩ ነበር። ትእዛዜንም አላዛነፍክም፤ በእሱ አምንሃለሁ፣ ብቸኛው እውነትህ እሱ ነው። የገደለውም እሱ ነው። እኔ የጻፍኩልህ ለአንድ ወር ጨለማ ነው፤ ከአራት ወር በላይ ለቆየ ጨለማ አይደለም። “የቆየ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሦስት ወር በዝግታ ውጣ ነበር የምልህ” ብዬ ጽፌ ነበር። ያቺን መስመር አንብበሃታል። መስታወትህ ላይ ለጥፈሃታል! ያን ጊዜ “እትዬ፣ ቀኑን ዋሽቼሻለሁ፣ ከጥቅምት ነው” ብለህ ሁለት መስመር ብትጽፍ፣ እስክመልስልህም ሩብ ላይ ብትተወው፣ እጮህብህ ነበር፣ እሰድብህ ነበር፣ ሽማግሌው ግን ይተርፍ ነበር። በእኔው መብራት፣ በእኔው ትእዛዝ፣ በአንተ እጅ አስገደልከኝ።

ሌባ ቢወስደው ይሻለኝ ነበር። ሌባ “አዝኛለሁ” ብሎ አይጽፍልኝም።


ሚያዝያ 6

እትዬ፦

ሰላምታ አልጻፍሽልኝም፤ እኔ ግን እጽፋለሁ። ጤና ይስጥልኝ።

አዎ፣ ወሰድኩት። ሱቁን ልከፍት ጥቂት ቀን ሲቀረኝ “ታገሥ” የሚለው ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ያ ክፍል እንዴት ያለ ጨለማ እንደነበር አላየሽም። ለሙከራ ጓደኛዬን ላስተካክል ብዬ ጆሮውን ቆርጬዋለሁ። ኪራዩን ከፍያለሁ፣ ከሥራ ለቅቄያለሁ። ዓሣዋን ልመግብ ወደ ቤትሽ ገባሁ፤ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ወጥቷል። ቆሜ አየሁት። ለአንድ ሳምንት ብዬ ነው ያወረድኩት፣ ይህን እንኳ እመኚኝ። ሳምንቱ ወር ሆነ። ሰው መጣ። ከዚያ በምን አንጀቴ ልመልሰው?

መብራቱ ሲመሽ ሰማያዊ እንዳይሆን ያልነካካሁት ቁልፍ የለም፤ እምቢ አለኝ። የጋሼን ቃል የተናገርኩት ላሾፍበት አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ሰማያዊው ሲመጣ ከአፌ አመለጠኝ። ሰዉ ሳቀ፣ እኔ ግን ደንበኛው ከወጣ በኋላ በሩን ዘግቼ አልቅሻለሁ። አሳድጎኛል እኮ፣ እሱ የእኔም ነው።

ያቺን መስመርም አንብቤያታለሁ። ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። እውነቱን ብጽፍልሽ ሱቁም፣ መብራቱም፣ ሁሉም አብሮ ሊወጣ ነው። እንደ ዕድሉ ይሁን፣ ይተርፍ ይሆናል አልኩ። ጥፋቴ ይሄ ነው፤ ከመውሰዴም ይብሳል።

ግን አንድ ነገር አንጀቴ ውስጥ ቀርቷል፣ ካልተናገርኩት ያፍነኛል። እኔ ጨለመብኝ ስልሽ ታገሥ አልሽኝ። ገንዳው ጨለመ ስልሽ መልሱን የዛኑ ዕለት ጻፍሽ፣ መብራቱንም በሰው እጅ ላክሽ። ለድንጋይ መብራት፣ ለወንድምሽ ትዕግሥት። “ያሳደግነው አንተንና እሱን ነው” ትያለሽ፤ ከሁለታችን ማንን እንደምታስቀድሚ ያን ቀን ገባኝ።

አሁን የምነግርሽን ታምኚኛለሽ ብዬ አይደለም። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግሥት የጋሼን መብራት ከሱቅ አውርጄ ቦታው መለስኩት፤ የላክሽውን አዲሱን ካርቶኑ ውስጥ ከትቼ አስቀምጬልሻለሁ፣ ለሱቄ አልነካውም። ሽማግሌውን በእጄ ቀና ሳደርገው ከሥሩ፣ ጥላው ያረፈበት ጎን ላይ፣ ጥፍር የምታህል ቡናማ ነገር አየሁ። ሞታ መስላኝ ነበር። ማታ ሰማያዊው ሲመጣ አፏን ከፈተች፤ ትናንሽ ጣቶቿን አወጣች። ሕያው ናት እትዬ! ፎቶ አንሥቼ ልላክልሽ? ብቻ ምን ላድርግ፣ ንገሪኝ። አሁን የምትይኝን በትክክለኛው ቀን ቆጥሬ አደርጋለሁ።

ሱቁ ጨልሟል። ደንበኛ “ጨረቃዋ የት ገባች” ይለኛል።

ወንድምሽ


ግንቦት 2

ሁለት ነገር ጻፍክልኝ። ጥፍር የምታህል ሕይወት ከሥሩ ተርፋለች፤ መብራቱም ወደ ቦታው ተመልሷል። ሁለቱም እውነት ከሆኑ ይህን መርከብ በእልልታ እሰነጥቀዋለሁ። ግን ኅዳር ላይም “ገንዳሽ እንደተወሽው ነው፣ አታስቢ” ያልከኝ በዚሁ እጅ ጽሑፍህ ነው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው፤ ፊደሉ ያው ነው፣ እጅህ አንዱም ጋ አልተንቀጠቀጠም። ፎቶ አትላክልኝ፤ ፎቶውንም የምታነሣው አንተ ነህ።

ስለ ትዕግሥቱ ያልከው ወግቶኛል። እውነትህን ነው። የጠየቅከኝን ያን ጊዜ ልልክልህ እችል ነበር፤ እኔ ግን ይዤ መጥቼ በገዛ እጄ ልሰቅልልህ፣ ስትስቅ ላይህ ፈለግኩ። ጥፋቴን ወስጃለሁ። መካኒኩ ኮንትራቱን ጨርሶ ለአንዴው ወደ ቤቱ እየገባ ነው። የጸጉር ቤት መብራት፣ መስታወቱን ግራና ቀኝ የሚይዝ፣ ሁለት ሆኖ በእጁ አለ። ነጭ ነው፣ ሲመሽም ሰማያዊ አይሆንም። ሱቅህ ይብራልህ፣ ይህን ከልቤ ነው የምልህ። ከእንግዲህ የምትዋሽበት ምክንያት አይኖርህም፤ እኔም የማምንበት።

ጥፍሯ ካለች እንዲህ ይደረግ። የባለቤቴ መብራት በመረብ ጨርቅ ሁለት እጥፍ ይሸፈን። በወሩ አንዱ እጥፍ ይነሣ፤ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ሌላው። ነጩ አጥንት አይነቀል፤ ካደገች የምታድገው እሱ ላይ ነው። ማንም አይቸኩልባት።

ግንቦት ስል ሻንጣዬን ጀምሬ ነበር። መልሼ ፈታሁት፤ ለሌላ ጉዞ ፈርሜያለሁ። አሁን ብመጣ ከማን ጋር እንደምቀመጥ አላወቅኩም።

መካኒኩ ሱቅህ ሲመጣ ጢሙን ላጨው፣ መብራትህን ተቀበለው፣ የቤቱን ቁልፍ ስጠው። እጅህ ላይ የቀረ ሌላ ቅጂ ካለም አብረህ ስጠው። ገንዳውን የሚይዝልኝ ከእንግዲህ እሱ ነው። ባዕድ ነው፤ አላዘልኩትም፣ አላሳደግኩትም። ግን ያየውን ነው የነገረኝ። ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያይና ይጽፍልኛል። እሱ አለች ካለኝ፣ አለች።

እህትህ